ሐኪሙም ሲጠየቅ ይመልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ፣ የሁለት ልጆች እናትና የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «ይህ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ከዓመታት በኋላ ጣጣ ያመጣብኝ ይሆን እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሐኪም አማክሪ» ብላት፣ «ሐኪሙስ ቢሆን ከየት ያውቀዋል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው። አንድ ሐኪም በቀን የሚያየው ሕመምተኛ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ አንድ መድኃኒት በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ለረጅም ዘመን የሚያስከትለውን ነገር በራሱ ዓይን ብቻ ሊደርስበት አይችልም። ይህ የሚታወቀው ብዙ ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው ወደ አንድ ቦታ ሲልኩ ነው።

ለዚህ የብሪታንያ የቤተሰብ ሐኪሞች ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። በዚያ አገር ቤተሰብ በሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ የእናቲቱም የልጆቿም የጤና ታሪክ እዚያው ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሐኪሞቹ ሮያል ኮሌጅ 1,400 ያህል የቤተሰብ ሐኪሞችን አስተባብሮ፣ ክኒን የሚወስዱና ወስደው የማያውቁ በጠቅላላው 46,000 ያህል ሴቶችን መከታተል ጀመረ። ሐኪሞቹ በየስድስት ወሩ ቅጽ እየሞሉ ይልኩ ነበር። ከዚህ ድካም የተገኘው ውጤት በ1977 ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ ክኒን በሚወስዱት ዘንድ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋ ከፍ እንደሚል፣ በተለይም ከ35 ዓመት በላይ በሆኑና ሲጋራ በሚያጨሱ ሴቶች ላይ እንደሚበረታ አሳየ። በ2010 የወጣው ውጤት ደግሞ ማጽናኛ ነበር፤ በረጅሙ ዘመን ሲታይ፣ ክኒን የወሰዱት ሴቶች የሞት መጠን ካልወሰዱት እንዲያውም ጥቂት ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ሐኪሞችን በጥናት ማሳተፍ ቀላል ሥራ አይደለም። በር ላይ ሕመምተኛ ተሰልፏል፤ ቅጹ ረጅም ነው፤ ለምን እንደሚጠቅም አይነገርም፤ የሞላውም ሐኪም ውጤቱን አያይም። በመሆኑም ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጉዳቱ ግን የአጥኚው ብቻ አይደለም። መልስ የሚሰጡት ሥራ የማይበዛባቸው ሐኪሞች ብቻ ከሆኑ፣ በተጨናነቀው ጤና ጣቢያ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈችው እናት ከጥናቱ ውጭ ትሆናለች። መድኃኒቱ ለእርሷም ይታዘዛል፤ የእርሷ ነገር ግን አልተቆጠረም።

መፍትሔው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1951 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሊቃውንት ስለ ሲጋራ ማጨስ ለብሪታንያ ሐኪሞች መጠይቅ ሲልኩ፣ ሆን ብለው ጥያቄዎቹን ጥቂትና ቀላል አደረጓቸው። ከ40,000 በላይ ሐኪሞች መለሱ። ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና በማስረዳት ረገድም ይህ ጥናት ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። እንግዲህ አጥኚዎች ቅጹን ያሳጥሩ፤ ዓላማውን አስቀድመው ያስረዱ፤ ላልመለሰው በትሕትና ያስታውሱ፤ ከሁሉም በላይ ውጤቱን ለመለሰው ሐኪም ይንገሩት። አለቆችም ቅጹን በትርፍ ሰዓት የሚሞላ ተጨማሪ ሸክም ከማድረግ ይልቅ፣ ለእርሱ የሚሆን ጊዜ ይመድቡ።

በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና በልዩ ሙያነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሙያው ገና ወጣት ስለሆነ፣ የመመዝገብና የመመለስ ልማድ ከአሁኑ ሥር ቢይዝ ይበጃል።

እኛም እናቶች ድርሻ አለን። ሐኪሙ የሚጽፈው እኛ የነገርነውን ነውና። ለጥናት ስንጠየቅ ዓላማው ምን እንደሆነና ስማችን በምሥጢር እንደሚያዝ እንጠይቅ። ካልፈለግን እንቢ ማለት መብታችን ነው፤ በዚህም ሕክምናችን ሊጓደል አይገባም። ከተስማማን ግን እውነቱን እንናገር፤ ክኒኑን የረሳንበትን ቀን ሳይቀር።

ለጎረቤቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። የደም ግፊቷን እንድትለካ፣ የሚሰማትንም ሁሉ ለሐኪሟ ሳትደብቅ እንድትነግር መከርኳት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሐኪሞቹ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ቢያዋጡ፣ የነገዋ እናት «ከየት ያውቀዋል?» ብላ አትጠይቅም።