ልጁን ይዘው ሄዱ፣ ዕዳውን ትተው
በሜሪላንድ በተለመደው ፈቃድ መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ልጆች የምትጠብቅ ሴት በአንድ ጊዜ ከ8 ልጆች በላይ መቀበል አትችልም። ስለዚህ አንድ ወላጅ የሁለት ወር ክፍያ ሳይከፍል ልጁን ይዞ ሲጠፋ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የቤት ኪራዩ እንደሆነ አይቀንስላትም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ እናቶቻችን ግን ነገሩን በይሉኝታ ይውጡታል። «የአገር ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን» ይላሉ፤ «አርብ እልካለሁ» የሚለው መልእክት ስልካቸው ላይ እንዳለ ወራት ያልፋሉ። እኔ ይህን ይሉኝታ አልደግፍም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ዳይፐር ቀይራለች፣ አብልታለች፣ እሹሩሩ ብላ አስተኝታለች፤ ገንዘቡ የላቧ ነው። በየማኅበሩ የወላጆቹን ስም ማንሳት ግን መንገዱ አይደለም፣ ልጁ ምን አጠፋ? መጀመሪያ የክፍያ ቀን የተቆረጠበት ማስጠንቀቂያ በሚታወቀው የመጨረሻ አድራሻቸው በአደራ ደብዳቤ ይላክ። መልስ ከጠፋ፣ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ዕዳ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በአነስተኛ ክስ ያለ ጠበቃ ይታያል። እህቶቼ፣ ውሉን፣ ልጁ የገባና የወጣበትን ፊርማና ያንን የአርብ መልእክት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሕጉ ለክስ የሚሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ነው፣ አታሳልፉት።