ነጥባቸውን ማን መዘገበው?

በፌብሯሪ 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጋዜጦች ስለ አንዲት የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጽፉ ሰነበቱ። ኬትሊን ክላርክ ከሚሺጋን ጋር በተደረገው ጨዋታ ኬልሲ ፕለም ይዛው የቆየችውን 3,527 ነጥብ አለፈችና በሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ አንደኛዋ ነጥብ አስቆጣሪ ተባለች። ዜናው ሞቅ ያለ ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ «በታሪክ አንደኛ» የሚለው ልክ አልነበረም።

ሊኔት ውዳርድ ከ1977 እስከ 1981 ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ 3,649 ነጥብ አስቆጥራለች። ፐርል ሙር ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ አብዛኛውን በደቡብ ካሮላይና ለሚገኘው አነስተኛ ኮሌጅ ለፍራንሲስ ማሪዮን ተሰልፋ፣ 4,061 ነጥብ አላት። ክላርክ ኮሌጁን ስትሰናበት 3,951 ላይ ነበረች። ሙርን አልደረሰችባትም ማለት ነው።

ሁለቱ ሴቶች ከመዝገቡ የጠፉበት ምክንያት ቀላል ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) የሴቶችን የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የጀመረው በ1982 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ውድድሩን ሲመራ የቆየው ኤአይኤደብሊው የተባለው የሴቶች ማኅበር ነበር። ኤንሲኤኤ ውድድሩን ሲረከብ የቀድሞውን ነጥብ አብሮ አልተረከበም። በመሆኑም የእሱን መግለጫ ብቻ ይዞ የጻፈ ጋዜጠኛ ውዳርድን አያገኛትም። ጨዋታውን ለዓመታት የተከታተሉት ዘጋቢዎች ግን ስሟን አነሡ። የአይዋዋ አሰልጣኝ ሊሳ ብሉደርም ጉዳዩን በይፋ ተናገረች። ክላርክ በወሩ መጨረሻ የውዳርድን ነጥብ አለፈች፤ ማርች 3 ቀን በወንዶች አንደኛ የነበረውን የፒት ማራቪችን 3,667 ስትሻገርም ውዳርድ በአዳራሹ ተገኝታ ነበር።

የአሜሪካ ጋዜጦች ለሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተገቢውን ቦታ አልሰጡም የሚለው ወቀሳ የቆየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀርበው እንደ ስሞታ ነው፤ ጥቂት ዓምድ ጨምሩልን፣ ፎቶውን አስፉልን። ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ጋዜጣ ለዚህ ጨዋታ ካጨበጨበለት ይልቅ ቢመዘግብለት ይሻል ነበር። ስንት ለስንት አለቀ፣ ማን ስንት አገባች፣ ገንዘቡን ማን ወሰደ የሚለውን በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ከሌለ፣ ኮከብ በወጣች ቁጥር ታሪክ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህን ቀድሞ የገባው አንድ ጋዜጣ በፊላደልፊያ ነበር። በ1976 ሜል ግሪንበርግ የተባለ የ«ፊላደልፊያ ኢንኳየረር» ባልደረባ የሴቶች ቡድኖችን አገር አቀፍ ደረጃ ማውጣት ጀመረ። ሥራው አሁን ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዚያ ጊዜ ግን በሚሲሲፒ ያለ ቡድን በካሊፎርኒያ ያለውን ማሸነፉን የሚያውቅ አልነበረም፤ ውጤቱን የሚያሰራጭ የዜና ወኪልም፣ የሚያትመው ገጽም ስላልነበረ አሰልጣኞቹ ራሳቸው ስለ ተፎካካሪዎቻቸው የሚያውቁት በወሬ ነበር። ግሪንበርግ በየሳምንቱ በስልክ ከአሰልጣኞቹ ውጤትና ድምፅ እየሰበሰበ ሃያዎቹን ቡድኖች በተርታ አሰለፈ። በኋላ አሶሼትድ ፕሬስ ተቀብሎ በመላው አገር አሰራጨው። ዛሬ «ቁጥር አንድ ቡድን» ሲባል የሁሉም ሰው አንገት የሚዞረው ከዚያ ስልክ የተነሣ ነው።

የፊላደልፊያ ዙሪያ ለዚህ ምቹ ነበር። ከ1972 እስከ 1974 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደችው ኢማኩላታ የተባለችው ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ያለችው እዚያ ነው። በ1982 የመጀመሪያው የኤንሲኤኤ ፍጻሜ ላይ ለሉዊዚያና ቴክ 76 ለ62 የተሸነፈችው ቼይኒ ስቴት፣ ታሪካዊዋ የጥቁሮች ኮሌጅም፣ የዚያው አካባቢ ናት። አሰልጣኟ ቪቪያን ስትሪንገር ብዙም ሳትቆይ ወደ አይዋ ሄደች። በፌብሯሪ 1985 አይዋ ከኦሃዮ ስቴት ሲጫወት 22,157 ሰው ገባ፤ አዳራሹ ከሚይዘው በላይ ነበርና የእሳት አደጋ ኃላፊዎች ዩኒቨርሲቲውን ወቀሱት። ክላርክ እስክትወለድ 17 ዓመት ገደማ ይቀር ነበር።

አርታኢዎች ሲጠየቁ የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ «አንባቢ የለውም» የሚል ነው። ይህ መልስ አይዋ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በአይዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ከ1920 ጀምሮ የራሳቸው የግዛት ሻምፒዮና ነበራቸው። ጨዋታው ለየት ያለ ነበር፤ በአንድ ቡድን ስድስት ተጫዋቾች፣ ሦስቱ አጥቂ፣ ሦስቱ ተከላካይ፣ ማንም የሜዳውን እኩሌታ አይሻገርም፣ ኳስ የያዘች ልጅ ከሁለት ጊዜ በላይ አታነጥርም። «ደ ሞይን ሬጅስተር» የተባለው ጋዜጣ ይህን ውድድር የብርዱ ወቅት ታላቅ ዜና አድርጎ ይዞት ነበር፤ የእሁዱ የስፖርት ክፍሉ የኮክ ፍሬ ቀለም ባለው ወረቀት ይታተም ስለነበር ከሩቅ ይለይ ነበር። በ1968 የፍጻሜ ጨዋታ ዩኒየን ዊተን ኤቨርሊን በተጨማሪ ሰዓት 113 ለ107 ሲያሸንፍ ዴኒስ ሎንግ 64፣ ተፎካካሪዋ ጃኔት ኦልሰን 76 ነጥብ አስቆጥረዋል። አንዲት የገበሬ አገር ልጃገረድ ስሟ በየቤቱ ይታወቅ ነበር። በዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ ዋርየርስ የተባለው የወንዶች ቡድን በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ የሎንግን ስም ጠራ። ስድስት ለስድስቱ ጨዋታ በ1993 አበቃ፤ ልማዱ ግን አልጠፋም። በኦክቶበር 2023 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ስታዲየም ውስጥ ለአንድ የሴቶች የወዳጅነት ግጥሚያ 55,646 ሰው የወጣው፣ ክላርክ ስለነበረች ብቻ ነው ማለት የዚያን አገር አያቶች መርሳት ይሆናል።

ኮነቲከትም እንዲሁ። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ (ዩኮን) ሴቶች በየሄዱበት የሚከተላቸው የጋዜጠኛ ጭፍራ «መንጋው» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። የ«ሃርትፎርድ ኩራንት»ና የአነስተኞቹ ከተሞች ጋዜጦች ለሴቶቹ ቡድን ብቻ የተመደበ ዘጋቢ ነበራቸው። ጃኑዋሪ 16 ቀን 1995 አንደኛ የነበረው ቴነሲ ወደ ዩኮን ከተማ ስቶርስ ሲመጣ አሶሼትድ ፕሬስ የሳምንቱን የደረጃ ድምፅ እስከ ጨዋታው ማብቂያ አቆየው። ዩኮን 77 ለ66 አሸንፎ አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ያለ አንድ ሽንፈት 35 ጨዋታ አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። እርግጥ ነው፣ ዩኮን ባያሸንፍ ኖሮ ጭፍራው አይከተለውም ነበር። ኮነቲከት ብዙ ትልልቅ የወንዶች ክለቦች የሌሏት ግዛት መሆኗም ረድቷል፤ የነበራት የበረዶ ሆኪ ቡድን ዌለርስ እንኳ በ1997 ጥሏት ሄደ። ቢሆንም አሸናፊ ቡድን ያላቸው ከተሞች ሁሉ እንዲህ አላደረጉም። በ2006 የሜሪላንድ ሴቶች ዱክን በተጨማሪ ሰዓት 78 ለ75 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ሲያመጡ፣ ከኮሌጅ ፓርክ ብዙም በማይርቀው በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖረው ሐበሻ ስንቱ ሰማ? ልጆቹ የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ገንዘቡ ላይ ሲደርስ የዘጋቢ አለመኖር ይበልጥ ያስከፍላል። በማርች 2021 የኦሪገኗ ተጫዋች ሲዶና ፕሪንስ ሻምፒዮናው በሚካሄድበት በሳን አንቶኒዮ የሴቶቹን የስፖርት ማዘውተሪያ በስልኳ ቀረጸች፤ አንድ መደርደሪያ ዳምቤል ብቻ፣ ዙሪያው ባዶ ወለል። የወንዶቹ አዳራሽ በመሣሪያ ተሞልቷል። ቪዲዮው በአንድ ቀን አገሩን አዳረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህን ያወጣችው ተጫዋቿ መሆኗ ነው። ጋዜጦችም ግን የሠሩት ሥራ አለ፤ «ማርች ማድነስ» የሚለውን ዝነኛ ስም ኤንሲኤኤ ያኔ ለሴቶቹ ውድድር እንደማይጠቀምበት የዘገበው «ዎል ስትሪት ጆርናል» ነበር። ማኅበሩ በጠበቆች ባስጠናው ሪፖርት ላይ የሴቶቹ ውድድር የቴሌቪዥን መብት ብቻውን ቢሸጥ በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ተገመተ። በዚያን ጊዜ ከሌሎች ሻምፒዮናዎች ጋር በአንድ ጥቅል ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። የሚገርመው ይህ አሻሻጥ ሚስጥር አለመሆኑ ነው፤ ውሉ መኖሩ ለዓመታት ይታወቅ ነበር፣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በዚያው ማርች ወር በወጣ የረጅም ጊዜ ጥናት መሠረት በ2019 በሎስ አንጀለስ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና በኢኤስፒኤን የስፖርት ቴሌቪዥን የዜና ፕሮግራም በ«ስፖርትስሴንተር» ለሴቶች ስፖርት የተሰጠው የዜና ጊዜ 5.4 በመቶ ነበር፤ ያውም የሴቶች የዓለም ዋንጫ በተካሄደበት ዓመት።

ከዚያ ወዲህ ሽፋኑ ጨመረ። ግን ምን ዓይነት ሽፋን?

በ2023 የፍጻሜ ጨዋታ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) አይዋን 102 ለ85 አሸነፈ። በሴቶች ፍጻሜ ታሪክ አንድ ቡድን ይህን ያህል አስቆጥሮ አያውቅም። ከኤልኤስዩ ተጠባባቂ ወንበር የተነሣችው ጃዝሚን ካርሰን በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 21 ነጥብ አገባች፤ የመጨረሻዋን ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ወርውራ፣ ሰሌዳውን አስመትታ፣ ከዕረፍቱ ደወል ጋር አስገባቻት። ካርሰንን ዛሬ ማን ያስታውሳታል? ጋዜጦቹ ቀናት የፈጁት የቡድን አጋሯ ኤንጀል ሪስ በጨዋታው ማብቂያ ላይ እጇን ፊቷ ላይ ስላወዛወዘችው ነበር። ክላርክ ያንኑ ምልክት በዚያው ውድድር ቀደም ብላ አሳይታ ነበር፤ ያኔ ግን ብዙዎቹ የወኔ ምልክት ብለው አለፉት። የአንዷ ጀግንነት፣ የሌላዋ ብልግና የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ የሁለቱን ልጆች የቆዳ ቀለም ማየት በቂ ነው።

በዓመቱ ደግሞ «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» የኤልኤስዩንና የዩሲኤልኤን ጨዋታ የክፉና የደግ ፍልሚያ አስመስሎ የሚያቀርብ ጽሑፍ አወጣ፤ አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑት የኤልኤስዩ ልጆች የክፉውን ወገን ተሰጡ። አሰልጣኛቸው ኪም መልኪ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ቁጣዋን አፈሰሰች፤ ጋዜጣው ጽሑፉን ደረጃዬን አይመጥንም ብሎ አረመው፤ ጸሐፊውም ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ጨዋታው ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሲዘገብ ቢቆይ ኖሮ አንባቢው እነዚያን ልጆች በስም፣ በአጨዋወት፣ በድካማቸው ያውቃቸው ነበር፤ ተረትና ምሳሌ ውስጥ እንዳሉ ገጸ ባሕርያት አድርጎ ማቅረብም እንዲህ አይቀልም ነበር።

ክፋቱ፣ አንባቢው ሲመጣ ጋዜጣው እየሄደ ነው። «ኒው ዮርክ ታይምስ» በ2023 የስፖርት ክፍሉን ዘግቶ ሥራውን ለገዛው «ዘ አትሌቲክ» አስተላለፈ። «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» በዚያው ክረምት የጨዋታ ዝርዝር ሰንጠረዦችን ማተም አቆመ፤ የኅትመት ሰዓቱ በጊዜ ስለሆነ የማታ ውጤት አይደርስለትም። ለፍትሕ ያህል፣ «ዘ አትሌቲክ» የሴቶቹን የኮሌጅ ጨዋታ የሚከታተሉ ዘጋቢዎች አሉት፤ ሥራቸውም ጥሩ ነው። እነሱ ግን የሚጽፉት ስለ ትልልቆቹ ቡድኖች ነው። የዛሬዋ ፐርል ሙር አሁንም በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ልትሆን ትችላለች፤ እዚያ የነበረው የአካባቢ ጋዜጣ ደግሞ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል።

በኤፕሪል 2024 ደቡብ ካሮላይና አይዋን 87 ለ75 ያሸነፈበትን ፍጻሜ 18.9 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው፤ የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ያለ ክላርክ፣ ቁጥሩ ወደ 8.5 ሚሊዮን ወረደ። «ፊኛው ተነፈሰ» ለሚሉ አርታኢዎች ይህ ጥሩ ማመካኛ ነው። ነገር ግን በ2021 ፍጻሜውን ያየው አራት ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአራት ዓመት እጥፍ ያደገን ነገር ወደቀ የሚለው፣ ከአንዲት ልጅ በቀር ሌላ ሳያይ የከረመ ሰው ብቻ ነው።

ሥራ ለሚፈልግ አርታኢ ሥራው ሞልቷል። ኤንሲኤኤ ከኢኤስፒኤን ጋር የገባው አዲስ ውል ስምንት ዓመት የሚቆይ፣ 40 ሻምፒዮናዎችን የያዘና 920 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ዋጋ በዓመት 65 ሚሊዮን ገደማ ተብሏል። ወንዶቹ ለአሥርተ ዓመታት ሲያገኙት የኖሩትን በአሸናፊነት ልክ የሚከፈል ድርሻ ሴቶቹ ማግኘት የጀመሩት በ2025 ነው፤ በ15 ሚሊዮን ዶላር ተነሥቶ በ2028 ወደ 25 ሚሊዮን ይደርሳል። ገንዘቡ የሚላከው ለቡድኖቹ ሳይሆን ለኮንፈረንሶቻቸው ነው፤ ኮንፈረንሶቹም ለዩኒቨርሲቲዎች ያከፋፍላሉ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለሴቶቹ ቡድን እንደዋለ፣ ስንቱ ለእግር ኳሱ አሰልጣኝ ደመወዝ እንደተሻገረ የሚያሳየው ሰነድ በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጠይቆ ሊገኝ ይችላል። የሚጠይቅ ዘጋቢ መመደብ ነው የቀረው።