ሞተሩ ተገኘ፣ ካምቢዮውስ? የሞተር ቅያሪ ዘመንና ማንም የማያየው መጋጠሚያ

መንግሥት በጥር 2016 ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር ሆኗል። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለተረሱት ነው፤ መንገድ ላይ ስላሉት አሮጌ መኪኖች። ውሳኔው አዲስ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ አደረገ እንጂ ያሉትን ከመንገድ አላወጣም።

ነገሩ ቀድሞም ከብዶ ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ሊትር ቤንዚንም እንደዚሁ ከ100 ብር አልፏል። እነዚህን ደምሯቸው። ሞተሩ የደከመበት ሰው «ሸጬ ሌላ ልግዛ» የማለት አቅሙ ጠበበ። መኪና መቀየር ያልቻለ ሞተር ይቀይራል።

ብዙዎች የሚመኙት ደግሞ የናፍጣ ሞተር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በአንድ ሊትር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፣ ጭነትን በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል፣ የድሮዎቹ ደግሞ ኮምፒውተር ስለሌላቸው የትም ቦታ ይጠገናሉ። ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ከአንድ መኪና፣ ካምቢዮው ከሌላ መኪና ሲሆን ነው። ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ ሞተር የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ነው? ጭስ አለው?» ነው። «ከኔ ካምቢዮ ጋር በምን ይያያዛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው።

እስቲ ሥራውን ከቅርብ እንየው።

ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ሞተሮች ብዙ አያስቸግሩም። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ለምሳሌ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን በሌላው መተካት ቀላሉ ሥራ ነው። የቤንዚን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ ማስገባት ወይም የአንድን ፋብሪካ ሞተር ከሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ ጋር ማጋባት ግን ሌላ ታሪክ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም። ስለዚህ በመሃል የሚገባ ወፍራም የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማገናኛ ሰሌዳ ቶርኖ ቤት ይሠራል። አንድ ጎኑ ለሞተሩ፣ ሌላው ጎኑ ለካምቢዮው ይበሳል።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ብሎን ግን አጥብቆ ይይዛል እንጂ ቦታ አያስተካክልም። የሞተሩ ዘንግ መሃልና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መሃል አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። በሙያው በተለምዶ የሚፈቀደው ልዩነት 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት በሉት። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። መለኪያ ሰዓት ያስፈልጋል፣ ቦታውን የሚጠብቁ ፒኖችም መግባት አለባቸው። መስመሩ ከሳተ መኪናው የመጀመሪያ ቀን ቆንጆ ሆኖ ይነዳል። ከዚያ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል፣ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሹ አልገባ ይላል። ባለቤቱ «ፍሪሲዮን በላ» ብሎ ሌላ ይገዛል። ያም ይበላል። ጥፋቱ ግን የፍሪሲዮኑ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። ሰሌዳው የሚወስደውን ውፍረት ያህል ካምቢዮው ወደ ኋላ ይሸሻል። የመግቢያው ዘንግ ጫፍ ሞተሩ ጀርባ ላይ ካለው ትንሽ ኩሽኔታ በደንብ ካልደረሰ ድጋፍ ያጣል። ፍሪሲዮኑ ራሱ ሁለት ጌታ አለው፦ ስፋቱ ለሞተሩ ቮላኖ፣ የመሃሉ ጥርስ ለካምቢዮው ዘንግ መስማማት አለበት። ሞተሪኖው የት እንደሚቀመጥ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ስንት እንደሚያጥር ሁሉ ከሰሌዳው በፊት መታሰብ ያለበት ነው።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። የቶዮታ 2ኤል የሚያወጣው የማዞር ኃይል 165 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ደግሞ 285 አካባቢ ያወጣል። ለመጀመሪያው የተሠራ ካምቢዮ ላይ ሁለተኛውን መጫን የ50 ኪሎ ከረጢት ተሸካሚን ከ80 በላይ አሸክሞ ዳገት እንደ መላክ ነው።

አራተኛው ዙር ነው። የድሮ ናፍጣ ሞተር በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 4,500 ዙር ላይ ያበቃለታል። ለምሳሌ እናስላ። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር፣ ዲፈረንሻሉ 4.88፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ ሆኖ የመጨረሻው 1 ለ 1 ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ ወደ 3,700 ዙር ይሽከረከራል። እዚያው ሞተር ላይ 0.85 የሆነ አምስተኛ ማርሽና 4.1 ዲፈረንሻል ቢገጠም ግን 2,640 ገደማ ይበቃዋል። ማለትም «ናፍጣ አስገባሁ፣ ነዳጅ ግን አልቆጠበልኝም» የሚል ሰው መጠርጠር ያለበት ሞተሩን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሕይወትና ሞት ጉዳይ እንምጣ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው መሳብ ፍሬኑን ያግዛል። በድሮ ናፍጣ ሞተሮች ይህ መሳብ ስለሌለ ለብቻው ፓምፕ ይሠራለታል። በቶዮታዎቹ የኤል ሞተሮች ላይ ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ሞተሩን ያለዚያ ዲናሞ የገዛ፣ ወይም ቱቦውን ሳያያይዝ የነዳ ሰው ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቅበታል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገንም። የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ከበድ ስለሚልም የፊት ሞላና ፍሬን አብሮ መታየት አለበት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያያል? ሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይይዛል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባንና ምርመራን ደንግጓል። የሞተር ቁጥር መመዝገቡ ሌብነትን ለመከላከል ጥሩ ነው። ቁጥር ግን ስለ ማገናኛ ሰሌዳው ምንም አይናገርም። አውስትራሊያ ውስጥ ከተወሰነ ልክ ያለፈ የሞተር ቅያሪ እውቅና ባለው ባለሙያ ታይቶ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ባለሙያው ክብደቱን፣ ፍሬኑንና አያያዙን አይቶ ይፈርማል።

የእኛ አቋም «ይከልከል» አይደለም። ቢከለከል ሥራው በድብቅ ይሠራል፣ አደጋውም ይብሳል። ደግሞ አንድ መካኒክ በተሟላ መሣሪያ ሳይሆን በእጁና በልምዱ ሁለት የማይተዋወቁ ማሽኖችን ማግባባቱ ትልቅ ችሎታ ነው። የሚያሳዝነው እያንዳንዱ ጋራዥ ያንኑ ሰሌዳ ከዜሮ እየለካ መሥራቱ ነው። በብዛት ለሚጋጠሙት ጥቂት ሞተርና ካምቢዮዎች አንድ ጊዜ በትክክል የተለካ ንድፍ ቢዘጋጅና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቢያባዙት ወጪው ትንሽ ነው። የዓመታዊ ምርመራውም ሞተር የተቀየረበትን መኪና ፍሬንና መጋጠሚያ ለይቶ ቢያይ ሕይወት ያተርፋል።

እስከዚያው ሞተር ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፦

👉 ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሞተሩንና የካምቢዮውን ዓይነት ይዛችሁ መካኒኩን አማክሩ።
👉 ሞተሩን ከነቮላኖው፣ ከነሞተሪኖውና ከነዲናሞው ግዙ።
👉 ቶርኖ ቤቱን «መሃሉን በምን ለካችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። «በዓይን» ካሏችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።
👉 የሻጩን ሰነድ ያዙ፣ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ አስቀይሩ። ያልተመዘገበ ሞተር ፖሊስም ኢንሹራንስም ፊት ጣጣ ነው።
👉 መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ።

የኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል፣ እየመጣም ነው። ክፍለ ሀገር እህልና ሰው የሚያመላልሰው አሮጌ ፒካፕ ግን ነገ ጠዋትም መነሳት አለበት። ፖሊሲው ስለሚገባው መኪና ያሰበውን ያህል ስለሚቀረውም ያስብ።