ትርፍ የሚቆጠረው በብር ነው ወይስ በጣቃ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ወደ 75 ብር ተጠጋ። ዓመቱ ሳይወጣ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። እንዲህ ባለው ጊዜ በሐረር ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር በየሱቁ የሚነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው። ገንዘብን የት ማስቀመጥ ይሻላል? ወርቅ፣ ቤት፣ አክሲዮን ወይስ ባንክ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተዛባ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ከመጠየቁ በፊት፣ ከሱቁ ቢወጣ ሱቁን የማይጎዳው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ብር በሚረክስበት ወቅት ደብተር ላይ የተጻፈ ትርፍ ሁሉ ትርፍ አይደለም።

ደብተሩና መደርደሪያው

በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሠራ የጨርቅ ነጋዴ ለምሳሌ ይወሰድ። ነጋዴው 100 ጣቃ ጨርቅ እያንዳንዱን በ3,000 ብር ገዛ። ያወጣው 300,000 ብር ነው። ጣቃውን በ3,900 ሸጦ 390,000 ብር ሰበሰበ። ደብተሩ 90,000 ብር አተረፈ ይላል። ይሁን እንጂ ተመልሶ አስመጪው ዘንድ ሲሄድ የአንዱ ጣቃ ዋጋ 4,500 ብር ደርሶ ጠበቀው። የሰበሰበውን ሁሉ ቢከፍል የሚያገኘው 86 ጣቃ ነው። ‹‹አትርፌአለሁ›› ብሎ 90,000ውን ለግብር፣ ለቤት ወጪና ለወርቅ ካዋለው ደግሞ በቀረው 300,000 ብር የሚገዛው 66 ጣቃ ብቻ ነው። ከመቶ ሠላሳ አተረፍኩ ያለው ሰው የሱቁን ሲሶ አጥቷል ማለት ነው።

ብዙ ሱቆች የሚሳሱት በዚህ መንገድ ነው። ነጋዴው አልሰነፈም፤ አልተጭበረበረምም። የበላው ካፒታሉን ነው፤ ትርፍ የበላ ግን መስሎታል። ስለዚህ መለኪያው በደብተር ላይ ያለው ብር ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ የሚመለሰው ዕቃ መሆን አለበት። ያንኑ ያህል ዕቃ ለመተካት የሚበቃው ተቀንሶ የሚተርፈው፣ እርሱ ትርፍ ይባላል።

የዕቁብ ሒሳብም ይለወጣል

ዕቁብ የሐረር ነጋዴ ባንክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋ በማይረጋበት ዘመን ግን ቀድሞ የሚወስድና መጨረሻ የሚወስድ እኩል አይሆኑም። 20 ሰዎች በየወሩ 10,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 200,000 ብር ነው። ጣቃው 3,000 ብር ሳለ የወሰደው 66 ጣቃ ይገዛበታል። 4,500 ሲሆን የደረሰው የመጨረሻው ዕቁብተኛ ግን 44 ብቻ ያገኛል። ሁለቱም የጣሉት ገንዘብ ያው ነው። ዕቁብን መተው አያስፈልግም፤ ማሳጠር ግን ይበጃል። በወር የሚጣለው በሳምንት ቢጣል፣ የአባላቱም ቁጥር ቢቀንስ፣ የመጨረሻው ሰው ጉዳት ይቀላል።

በባንክ የሚቀመጠውም ከዚህ አያመልጥም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲረክስ ሲደረግ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ተባለ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሃይማኖቱ ወለድ የማይፈቅድለትና ገንዘቡን በአደራ ሒሳብ ያስቀመጠ ነጋዴ ደግሞ ጉዳቱን በሙሉ ይሸከማል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ከእርሱ በኋላ የመጡት ከወለድ ነፃ ባንኮች ትርፍ የሚጋራ ሒሳብም አላቸው። የአደራውንና የትርፍ መጋሪያውን ልዩነት ጠይቆ መለየት የባለገንዘቡ ፋንታ ነው።

ሦስት ኪስ

እንግዲህ ገንዘብን በሦስት ኪስ መክፈል ያሻል። የመጀመሪያው ቤተሰብ ለጥቂት ወራት የሚበላበት ነው። ይህ በባንክ ይቀመጥ፤ ቢረክስም ዕቃን በግድ በርካሽ ከመሸጥ ያድናል። ሁለተኛው የሱቁ ካፒታል ነው፤ በዕቃ ይቆጠር፣ በዕቃም ይያዝ። ለወርቅ፣ ለቤትና ለአክሲዮን መሄድ ያለበት ከሁለቱ የተረፈው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ጫት ነጋዴው እዚህ ላይ የተለየ ነው። ማለዳ ተቆርጦ አወዳይ የደረሰ ቅጠል ውሎ ካደረ ዋጋ ስለማይኖረው ካፒታሉን በዕቃ ሊይዝ አይችልም። በሰኔ 2006 ዓ.ም. እንግሊዝ ጫትን ስትከለክል ከኢትዮጵያም ከኬንያም ይሄድበት የነበረው ገበያ በአንድ ሕግ ተዘግቷል። ስለዚህ የጫት ነጋዴ የመጀመሪያው ኪስ ከሌላው ነጋዴ የሰፋ፣ ሦስተኛው ኪሱም ከጫት የራቀ ቢሆን ይመረጣል። ገቢው ከጫት፣ ያከራየው ቤት ለጫት ነጋዴ፣ ያበደረውም ለጫት ነጋዴ ከሆነ፣ ሦስት ንብረት ያለው ይምሰል እንጂ ያለው አንድ ነው።

‹‹ወርቅና ቤት አይከዱም›› የሚሉ አሉ። ረጅም ጊዜ መጠበቅ ለሚችል ሰው እውነት አላቸው። ነገር ግን ወርቅ ሲገዛ የተከፈለው የእጅ ዋጋ ሲሸጥ አይመለስም። ቤትም ቸኩሎ የሚሸጥ ንብረት አይደለም፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ደግሞ እንደ ልብ አፍርሶ መሥራት አይቻልም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት የተወሰደባቸው ቤተሰቦችም ንብረትን ሁሉ በቤት መያዝ ምን እንደሚያስከትል አይተውታል።

የአክሲዮን ገበያው ገና ጀማሪ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በዚያው ዓመት በ300 ብር ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አክሲዮን መያዝ መልካም ነው፤ ሆኖም ነገ ለዕቃ መግዣ በሚፈለግ ገንዘብ አይገዛም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ላይ ሲቆም፣ ንግዱ ከጥንት ጀምሮ በዚህ አልፏልና አይለቅም ብሎ የተማመነ ተሳስቷል። የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ያለውን መቁጠር ግን ይቻላል። የሐረር ነጋዴ ወርቅ ቤት ከመግባቱ በፊት መደርደሪያውን ይቁጠር። ባለፈው ዓመት ስንት ጣቃ ነበረው? ዛሬስ በእጁ ባለው ገንዘብ ስንት ይገዛል? ቁጥሩ ካነሰ ለወርቁም ሆነ ለቤቱ ጊዜው ገና ነው።