የኮሜዲ ማስታወቂያ በማን ላይ ያሥቀናል?

የቴአትር መጋረጃ ከመከፈቱ፣ የሲኒማም መብራት ከመጥፋቱ በፊት ተመልካቹን ቀድሞ የሚያነጋግረው በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥዕል የምንመለከተው ሰዓቱንና የመግቢያውን ዋጋ ለማወቅ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከቁም ነገር አንቈጥረውም። የእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በተለይ የኮሜዲ ማስታወቂያ ገና ከደጅ ሳለን «በዚህ ሰው ሣቁበት» ብሎ የሚፈርድ ነውና፣ ምን እንደሚሣልበት ልናስብ ይገባናል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በቪየና የታየው ይህ ኮሜዲ፣ ሂጊንስ የተባለ የአነጋገር ሊቅ ኤሊዛ የምትባለውን ድኻ አበባ ሻጭ አነጋገሯን አርሞ የመኳንንት ሴት ለማስመሰል ሲወራረድ ያሳያል። ሾው ሊያሥቀን የፈለገው በልጅቷ አነጋገር አልነበረም፤ ሰውን በአነጋገሩ በሚመዝነው ኅብረተሰብ ላይ እንጂ።

ሾው በ1950 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ድርሰቱ «ማይ ፌር ሌዲ» ተብሎ በኒውዮርክ በሙዚቃ ቀረበ። ማስታወቂያውን የሣለው አል ሂርሽፌልድ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሽማግሌው ሾው ከደመና ላይ ተቀምጦ ሂጊንስን እንደ አሻንጉሊት በገመድ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሂጊንስም በተራው ኤሊዛን በገመድ ያንቀሳቅሳታል። አንድ ወረቀት የድርሰቱን ነገር ሁሉ ተናገረ። ሰውን እንደ አሻንጉሊት የሚያጫውተው ሊቅ ራሱ አሻንጉሊት ሆኖ ተገኘ፤ ሣቁም ወደ እርሱ ዞረ።

በ1964 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኪውከር ይህንኑ ታሪክ ፊልም አደረገው፤ ፊልሙም ስምንት የኦስካር ሽልማት አገኘ። ለፊልሙ ማስታወቂያ የሣለው ቦብ ፒክ ስመ ጥር ባለሙያ ነበር፤ የቀለሙም ውበት አይካድም። ነገር ግን በዚህኛው ሥዕል ላይ ዓይን የሚስበው የኦድሪ ሄፕበርን ውበትና ልብስ ነው። ገመዱ ጠፍቷል። በሾው ድርሰት ኤሊዛ ሊቁን ትታው ስትሄድ በፊልሙ ግን ትመለሳለች፤ ማስታወቂያውም የፍቅር ታሪክ እንጂ የትዝብት ኮሜዲ አላስተዋወቀም። እንግዲህ አንድ ታሪክ በሁለት ወረቀት ሁለት ፍርድ ተሰጠው ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለአዳማ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል። እኛ ግን ለማን ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እንጠይቃለን። ከአዳማ እስከ ባቱ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ያሉት ከተሞች ኦሮምኛም አማርኛም ጉራግኛም የሚነገርባቸው ናቸው። በየትምህርት ክፍላችንም ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጐጃምና ከወላይታ የመጡ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። አንዱ ለጥያቄ ሲነሣ በአነጋገሩ የሚሥቅበት አይታጣም። ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ እጁን ማንሣት ይተዋል። የኤሊዛ ነገር በመካከላችን አለ ማለታችን ስለዚህ ነው።

አሁን በከተማችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን የኮሜዲ ማስታወቂያዎች እንመልከት። ብዙ ጊዜ የምናየው የታወቁ ተዋንያን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ተቈርጦ ጐን ለጐን ሲለጠፍ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ባላገር ለብሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይታያል። ድርሰቱ ምንም ይበል ምን፣ ማስታወቂያው በገበሬው እንድንሥቅ አስቀድሞ ፈርዷል።

የማስታወቂያ ሥራ ሰው መሰብሰብ እንጂ ማስተማር አይደለም፣ ሰውም ፊቱን የሚያውቀውን ተዋናይ ካላየ አይመጣም የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ባዶ አዳራሽ ማንንም አያስተምርም። ነገር ግን የሂርሽፌልድ ሥዕልም የዋና ተዋንያኑን መልክ ያሳይ ነበር፤ ቴአትሩም ለዓመታት ታየ። ፊትና ሐሳብ በአንድ ወረቀት ላይ አይጣሉም።

በአገራችንም ለዚህ የሚሆን ድርሰት አለ። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጻፈው «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ ወጣት በኑሮ ከእርሱ የማትተካከል ሴት ሊያገባ ሲነሣ የሚገጥመውን የሚያሳይ ኮሜዲ ነው። ይህን ድርሰት ፊልም የሚያደርገው ቢገኝ፣ ወይም የግቢያችን የድራማ ክበብ ቢያሳየው፣ ማስታወቂያው ምን ይሁን? ሙሽራዋን ቡትቶ አልብሶ ማሣቅ ቀላል ነው። እኛ ግን ሁለቱ ወጣቶች በሚዛን ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት የከበረች ወይዘሮ የሚዛኑን አንድ ወገን በጣቷ ስትጫን ብናይ እንመርጣለን። ያን ጊዜ ሣቁ ወደሚገባው ሰው ይሄዳል።

ስለዚህ ለክበቡ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማስታወቂያው ድርሰቱን አንብቦ ለጨረሰ ሠዓሊ ይሰጥ፤ በመካከላችን እጁ የተባረከ ተማሪ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ስሙን ይጻፍበት፤ አንድ ቅጂም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሂርሽፌልድ የራሱን ስም መጻፍ አልበቃው ብሎ በ1945 እ.ኤ.አ. የተወለደችውን ልጁን ኒናን በሥዕሎቹ መስመር ውስጥ ይደብቅ ነበር። በጋና በዱቄት ከረጢት ላይ የተሣሉ የቪዲዮ ቤት ማስታወቂያዎችም ዛሬ በውጭ አገር በኤግዚቢሽን ይታያሉ። በአገራችን ቴአትር ቤቶች ደጃፍ የቆሙትን ታላላቅ ሥዕሎች የሣሉትን ሰዎች ግን በስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

የአዳማ ነፋስ ኤሌክትሪክ እስከ ማመንጨት የደረሰ ብርቱ ነፋስ ነው፤ ለወረቀት አይመለስም። ከግድግዳ የወረደውን ወረቀት ነፋሱ ይወስደዋል፤ ያሣቀን ሣቅ ግን ከእኛ ጋራ ወደ ክፍል ይገባል። እንግዲህ በማን ላይ እንደምንሥቅ ገና ማስታወቂያው ሳይለጠፍ እንምከር።