አንድ ጓንት ለአንድ ታካሚ

በኅዳር 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በሽታው በሀገራችን ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከተያዙት ሰዎች መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት። በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ቢታወጅም ያነሳው ጥያቄ ግን አብሮት አላበቃም። የታካሚው ሕመም ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ የሚነካው እጅ ምን ያህል የተጠበቀ ነው?

ጥያቄው የጂንካ ብቻ አይደለም። በዝንጅብል ምርቷ ስሟ የሚነሳውን በከምባታ ዞን የምትገኘውን ሀደሮን እንውሰድ። ከአካባቢዋ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ሲብስበት ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። በዚህ መንገድ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ አዋላጇ፣ የአምቡላንስ ሹፌሩና የጽዳት ሠራተኛዋ በየተራ ይነኩታል ወይም የነካውን ዕቃ ያነሳሉ። ማርበርግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ስለሚያስከትል ከወባ ወይም ከታይፎይድ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ የዘገየ ነው። የጤና ሳይንስ የሚመክረው የማንኛውንም ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ሁልጊዜ በጥንቃቄ መያዝን ነው። የዚህ ጥንቃቄ አንዱ መሣሪያ ጓንት ነው።

ለማን ተብሎ ተሠራ?

ከጎማ የተሠራ ጓንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 እና በ1890 አካባቢ፣ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል ነርስ ለጀርም ማጥፊያ በሚውለው የሜርኩሪ ውህድ ምክንያት እጇ ክፉኛ ይቆስል ነበር። ዊሊያም ሃልስተድ የተባለው ቀዶ ሐኪም ጉድይር ለተባለው የጎማ ኩባንያ ስስ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። ታካሚዎችም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥማቸው የቁስል ማመርቀዝ መቀነሱ የታየው ዘግየት ብሎ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ጓንት ሁለት ሥራ እንዳለው ነው። አንደኛው የለበሰውን ባለሙያ መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታካሚውን ከሌላ ታካሚ ጀርም መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ጓንቱን በማጥለቅ ብቻ ይጀመራል። ሁለተኛው ግን የሚሳካው ጓንቱ በጊዜው ከወለቀ፣ እጅም ከታጠበ ብቻ ነው። በየሕክምና ተቋማቱ የሚታየው ትልቁ ስህተት የሚፈጠረውም የመጀመሪያውን እያሰብን ሁለተኛውን ስንዘነጋ ነው።

ከጣት ወደ ጣት

የወባ ወቅት ሲመጣ በጤና ኬላዎችና በጤና ጣቢያዎች የሚሠራውን ፈጣን የወባ ምርመራ ለምሳሌ እንውሰድ። የታካሚው ጣት በአልኮል ይጸዳል፣ በአዲስ መርፌ ይወጋል፣ ጠብታ ደምም በመመርመሪያው ላይ ይንጠባጠባል። በርካታ ሰው በተሰለፈበት ቀን መርማሪው ጠዋት ያጠለቀውን ጓንት እስከ ምሳ ሰዓት ላያወልቀው ይችላል። እሱ ራሱን ጠብቋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ደም የነካው ጓንት የሁለተኛውን ሰው የተወጋ ጣት ይይዛል፣ ከዚያም ሦስተኛውን። ለዚህም ነው የምርመራው መመሪያ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንት መደረግ አለበት የሚለው።

አደጋው ማርበርግን በመሰሉ እምብዛም በማይከሰቱ በሽታዎች ብቻ የሚመዘን አይደለም። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት መቆየት ይችላል። በዚህ ቫይረስ በተበከለ መርፌ የተወጋና ክትባቱን ያልወሰደ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። በተመሳሳይ አደጋ ኤች አይ ቪ የመተላለፍ ዕድሉ ከ1,000 3 ያህል ነው። ጓንት መርፌን ባያስቆምም በመርፌው ላይ ያለውን ደም በከፊል ጠርጎ ስለሚያስቀር ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ሙሉ መከላከያ የሚሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የተጠቀሙበትን መርፌ መልሶ አለመክደን እና ወዲያውኑ በሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መጣል ከጓንት ጋር ሲደመሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት አልጋ ይዘው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 15ቱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በበለጸጉት ሀገራት ቁጥሩ 7 ነው። የእጅ ንጽሕናና ሌሎች ወጪ ቆጣቢ እርምጃዎች በአግባቡ ቢተገበሩ ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች 70 በመቶውን መከላከል እንደሚቻል ይኸው ሪፖርት ይገልጻል።

እጅ መታጠብን አይተካም

ብዙ ሰው ጓንት ካለ መታጠብ አያስፈልግም ብሎ ያስባል። ይህ ትክክል አይደለም። አዲስ ጓንት እንኳ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። በጓንት ውስጥ ያለ እጅ ይሞቃል፣ ያልበዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ለጀርም መራቢያ ይመቻሉ። በማውለቅ ጊዜም የጓንቱ ውጫዊ ክፍል ቆዳን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ከመልበስ በፊትም ሆነ ካወለቁ በኋላ እጅን ማጽዳት ግድ ነው። በውኃና በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ሳኒታይዘር ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈጃል።

የተለበሰን ጓንት በሳኒታይዘር ወይም በበረኪና እያሹ ለሌላ ታካሚ መጠቀምም አይገባም። ኬሚካሉ ጓንቱን ያሳሳዋል፤ ጀርሙም ሙሉ በሙሉ መወገዱ አይረጋገጥም። ከላቴክስ ለተሠራ ጓንት ቫዝሊንና ሌሎች ቅባት ያላቸው ነገሮችም ጠላቶቹ ናቸው። ላቴክስ ቆዳን የሚያሳክካቸው ወይም የሚያሳብጣቸው ታካሚዎችና ባለሙያዎች ይህንን አስቀድመው መናገር ይኖርባቸዋል፤ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ጓንት አለላቸው።

እጥረትና ብክነት በአንድ ጣሪያ ሥር

የጓንት ነገር ሲነሳ ከባለሙያዎች በቅድሚያ የሚሰማው መልስ «የለም» የሚል ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። የዓለምን የጓንት ገበያ በዋናነት የምትመራው ማሌዥያ ናት። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ፍላጎቱ በድንገት ሲያሻቅብ ዋጋው በዓለም ዙሪያ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። እንደኛ ያለ አስመጪ ሀገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲሰላ ዋጋው ከፍ ብሏል። እጥረቱ ሲበረታ ታካሚው «ጓንት ገዝተህ ና» ተብሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት የሚላክባቸው ቦታዎች አሉ። ምጥ ለያዛት እናት ቤተሰብ ይህ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰዓትም ጉዳይ ነው።

ይሁንና እጥረት ባለበት ቤት ብክነትም አለ። እንደ ምሳሌ አንድ ጤና ጣቢያ በቀን 60 ታካሚዎችን ያያል እንበል። ለሁሉም ጓንት ቢደረግ 60 ጥንድ ያስፈልጋል። አንድ ካርቶን 100 ፍሬ ወይም 50 ጥንድ ስለሚይዝ በቀን ከአንድ ካርቶን በላይ ያልቃል ማለት ነው። ጓንት በትክክል የሚያስፈልጋቸው 15 ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ግን ያው ካርቶን ከሦስት ቀን በላይ ያቆያል። የተረፈው ጓንት የሚሄደው ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ ላቦራቶሪ ነው።

በዚህ ረገድ የለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ያደረገው መማሪያ ይሆናል። ሆስፒታሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ሠራተኞቹ ሳያስፈልግ ጓንት ከማድረግ እንዲቆጠቡና እጃቸውን በትጋት እንዲያጸዱ ዘመቻ ጀመረ። በዓመት ውስጥ የጓንት ፍጆታውን ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ቀነሰ፤ 21 ቶን የፕላስቲክ ቆሻሻም አስቀረ። ሀብታም ሀገር ቆጥቦ ከተጠቀመበት እኛ ይበልጥ ልናስብበት ይገባል።

መቼ ያስፈልጋል? መቼስ አያስፈልግም?

ደም ሲቀዳ፣ ግሉኮስ ለመስጠት ደም ሥር ሲወጋ፣ ቁስል ሲታጠብ፣ የማህፀን ምርመራ ሲደረግ፣ ደም፣ ሰገራ፣ ሽንት ወይም ትውከት ሲነካ የምርመራ ጓንት ያስፈልጋል። ለማዋለድና ለቀዶ ሕክምና ደግሞ ከጀርም ፍጹም ነፃ ሆኖ በጥንድ የታሸገው ጓንት ግዴታ ነው። ለጽዳት ሠራተኞች ስሱ የምርመራ ጓንት በቂ አይደለም። ቆሻሻ የሚሰበስቡትና ደም የነካው አንሶላ የሚያጥቡት እነርሱ ስለሆኑ ወፍራሙ የጎማ ጓንት ሊቀርብላቸው ይገባል። ይህ ጓንት ታጥቦና በበረኪና ተዘፍዝፎ መልሶ የሚለበስ ነው።

በሌላ በኩል የደም ግፊት ለመለካት፣ ሙቀት ለማየት፣ ካርድ ለመጻፍ፣ ታካሚን በወንበር ለመግፋት፣ ጤናማ ቆዳ ላይ ክትባት ለመስጠት በአዘቦቱ ጊዜ ጓንት አያስፈልግም። ስለዚህ ልጅዎን የምትከትበው ባለሙያ ጓንት ባታደርግ አይደናገጡ። ሊያዩት የሚገባው እጇን ማጽዳቷንና መርፌው አዲስ ሆኖ ከእሽጉ መውጣቱን ነው። እንደ ማርበርግ ያለ በሽታ ሲጠረጠር ግን መመሪያው የተለየና ጥብቅ ነው። ያኔ ጓንት ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉ የመከላከያ ልብስ ያስፈልጋል።

ታካሚውና አስታማሚው ምን ያድርጉ?

ጓንት የሚደረገው ለእርስዎም ደህንነት ነውና መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለሙያዋ ከሌላ ታካሚ ተነስታ በዚያው ጓንት ወደ እርስዎ ከመጣች «ሲስተር፣ እባክዎ ጓንቱን ቢቀይሩልኝ» ማለት ይችላሉ። ለዚህ የሚያዝን ባለሙያ ሊኖር ይችላል፤ ግን የሙያው ሥነ ምግባር ከጠያቂው ጎን ነው። በጓንት ሆኖ ስልክ የሚያነሳ፣ የበር እጀታ የሚይዝ፣ እስክሪብቶ የሚቀባበል ባለሙያ ሲያዩም እንዲሁ በትሕትና ያስታውሱ። በተቋሙ መፍትሔ ካልተገኘ አስተያየት መስጫና ቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ።

ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ ከሆነ ደም ወይም ተቅማጥ ሲያጸዱ ጓንት ይጠቀሙ። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ጓንት ካልተገኘ ያልተቀደደ ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በሳሙና መታጠብ ነው። ሲያወልቁ የአንዱን እጅ ጓንት ከእጅ አንጓ አካባቢ በውጭ በኩል ይዘው ወደ ውስጥ እየገለበጡ ያውጡት፣ በሌላኛው እጅ ይጨብጡት፤ ከዚያም ባዶውን ጣት በሁለተኛው ጓንት ውስጥ አስገብተው ያንንም ገልብጠው አንዱን በሌላው ውስጥ እንደጠቀለሉ ይጣሉት። በጤና ተቋም ውስጥ ደም የነካው ጓንት የሚጣለው በቢጫው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። በግቢ፣ በመንገድ ዳር ወይም ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ መጣል የለበትም።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ጓንት በመጋዘን መኖሩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚፈልግ በየወሩ ቢያሰሉ፣ ከማዋለጃ ክፍል፣ ከላቦራቶሪና ከጽዳት ክፍል ቢጀምሩ፣ ከጓንቱ ካርቶን አጠገብም ውኃና ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር መኖሩን ቢያረጋግጡ ያለው ዕቃ ብዙ ያዳርሳል። ቀጣዩ ወረርሽኝ የትኛው ከተማ እንደሚጀምር ማንም አያውቅም። ሀደሮ ላይም ሆነ ሆሳዕና፣ ትኩሳት ይዞ የሚመጣውን ሰው የሚቀበለው እጅ ግን ከወዲሁ ንጹሕ መሆን ይችላል።