የነጻ ቦታ ጉራ

ሰሞኑን በታተመ ጽሑፍ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ስለሚሰጥ፣ ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ 2 ብቻ ስለሆኑ ምርጫው አብቅቷል ተባልን። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ያን 15 ጂሜይልና ፎቶም ይጋሩታል፤ ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለሉት?

ለነገሩ ቃሊቲ ጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቅ አስተላላፊ የሚያስጨንቀው ስፋቱ አይደለም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ዲክላራሲዮኑ ላፕቶፑ ላይ አለ ወይ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሳምንታት እንደቆየ ረስተውት ይሆን? ድራይቭም ድሮፕቦክስም ቅጂውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ድራይቭ ግን አስቀድሞ ከታዘዘ ነው።

ቴሌግራምን የሰነፍ መላ ማለታቸውስ? እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል በአንዴ የሚያሻግር ስንፍና ከሆነ፣ ይሁን! ጉድለቱ ሌላ ነው፦ የታረመው ኢንቮይስ ከአሮጌው ሥር ይደረደራል፣ የትኛው እንደጸና ማንም አያውቅም።